ኡኡታው እንዴት ሳይሰማ ቀረ? በጅማ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ የስላሸር ፊልም የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን መመዝገብ ለምን አስፈለገ

ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ ወጣቶችን አንድ በአንድ የሚያሳድድበት፣ በተለምዶ ስላሸር የሚባለው የአስፈሪ ፊልም ዓይነት ከጥንስሱ የድሃ ፊልም ነው። ውበቱም እዚያው ድህነቱ ውስጥ ይገኛል። ገንዘብ የሌለው ሠሪ ገዳዩን አሳምሮ ማሳየት ስለማይችል ይደብቀዋል፤ የተደበቀው ደግሞ ከታየው ይበልጥ ያስፈራል። ጆን ካርፔንተር እ.ኤ.አ. በ1978 «ሃሎዊን»ን ሲሠራ በእጁ የነበረው 300,000 ዶላር አካባቢ ነው፤ ለአሜሪካ ፊልም ኢምንት ገንዘብ። የገዳዩ ጭንብል ከ2 ዶላር በታች የተገዛ የ«ስታር ትሬክ» ካፒቴን ኪርክ ፊት ነበር፤ የዓይኑን ቀዳዳ አስፍተው ነጭ ቀለም ረጩበት። ታሪኩ የሚፈጸመው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው፤ የተቀረጸው ግን በጸደይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ስለዚህ ቀለም የተቀባ ቅጠል እየበተኑ ይቀርጹ፣ ሲጨርሱ ለቅመው ለሚቀጥለው ትዕይንት ያስቀምጡ ነበር። ሙዚቃውንም ዳይሬክተሩ ራሱ ደረሰው።

ጅማ ውስጥ አንድ ትንሽ ቡድን በዚሁ መንገድ የግማሽ ሰዓት ፊልም ሠርቷል። ጭንብሉን፣ ደሙንና ጨለማውን በተመለከተ ከውጭ ፊልሞች የተማሩት አብዛኛው ነገር፣ ጥቂት ማስተካከያ እየተደረገለት፣ ሠርቷል። አንድ ነገር ግን ጨርሶ አልሠራም። ጉዳዩ ሊመዘገብ የሚገባው በዚያ በአንዱ ነገር ምክንያት ነው።

መነሻው

ቡድኑ አምስት ሰው ነበር፦ ሠርግና ምርቃት በመቅረጽ የሚተዳደሩ ሁለት ወጣቶች፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ባለሙያ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ በትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ያደገች አንዲት ተዋናይት። አብዛኞቹ ስላሸርን የሚያውቁት በየሰፈሩ ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ነው። በእጃቸው የነበረው ዕቃ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ከሠርግ ሥራ የተረፉ ሁለት የኤልኢዲ ፓነሎች፣ አንድ ትራይፖድ፣ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክና ላፕቶፕ ብቻ ነው። ከኪሳቸው ካወጡት ገንዘብ ትልቁን ድርሻ የወሰዱት የሌሊት ምግብና ቤንዚን ናቸው።

ቦታው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጅረት ዳር ያለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምርጫ ለማግኘት ይከብዳል። ጅማ ዙሪያ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ጣቢያው ጭር ይላል፦ መፈልፈያው ቆሟል፣ የማብላያ ገንዳዎቹ ባዶ ናቸው፣ የማድረቂያ አልጋዎቹ ሽቦ ብቻ ቀርቶላቸው በረጅም መስመር ተደርድረዋል። አልጋዎቹ እስከ ወገብ የሚደርሱ ስለሆኑ ሰው ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ቢሄድ የሚታየው የእግሩ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ጅማ ዝናብ የሚጀምርላት ቀደም ብሎ ነው፤ በግንቦት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሳይጠቁር የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ዝናብ ያገኛቸው አራት ጓደኛሞች ጣቢያው ውስጥ ይጠለላሉ፤ ሌሊቱን የቡና ጆንያ ፊቱ ላይ ያጠለቀ፣ ገጀራ የያዘ ሰው ያሳድዳቸዋል፤ አንዷ ትተርፋለች። የመጀመሪያው ስክሪፕት ገዳዩን ዛር የሰፈረበት ሰው አድርጎት፣ ይህንንም በአራት ገጽ ንግግር ያስረዳ ነበር። ቡድኑ ያንን ማውጣቱ ትክክል ነው። ዛር ከገባ ተመልካቹ ወዲያው ወደ ጸበል፣ ወደ ዱአና ወደ ሽማግሌ ያስባል፤ ያ ሌላ ፊልም ነው፣ የሰዎችንም እምነት ሊያስከፋ ይችላል። ስላሸር የሚቆመው ምክንያቱን በማናውቀው፣ ነገር ግን ሥጋና ደም ባለው ሰው ላይ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

ቡድኑ ከቀበሌው የፈቃድ ደብዳቤ ወስዷል፣ ከጣቢያው ኃላፊና ከዘበኛው ጋር ተስማምቷል፣ በጣቢያው በኩል ላሉት ቤቶችም በኦሮምኛና በአማርኛ እየዞረ ተናግሯል። ከጅረቱ ማዶ ላሉት ግን አልተናገረም። ምሽት 3 ሰዓት ገደማ ተዋናይቷ የመጀመሪያውን ጩኸት ስትጮህ፣ ካሜራው ገና ሳይጠፋ ከማዶ ባትሪ እየበራ፣ ዱላ የያዙ ጎልማሶች ጅረቱን ተሻግረው መጡ። ጆንያ ያጠለቀውን ተዋናይ ያዳነው ዘበኛው ቀድሞ መድረሱ ነው። ነገሩ ሲብራራላቸው አንድ ትልቅ ሰው ልጆቹን ገሠጹና ቡና ይፈላላቸው ብለው ተመለሱ።

በማግስቱ ቡድኑ የወሰደው እርምጃ ሁለት ነበር። አንደኛው ዘዴያዊ ነው፦ ሌሊት ላይ ማንም በድምፅ እንዳይጮህ ተወሰነ። ተዋንያኑ አፋቸውን ከፍተው፣ የአንገት ሥራቸው እስኪገተር ትንፋሻቸውን እየገፉ ያለ ድምፅ ይጮሃሉ፤ ጩኸቱ ቀን ላይ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተሸፈነ ክፍል፣ ማይኩ ከአፍ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቀረጻል። ከአፍ ትይዩ ሲሆን ድምፁ ስለሚሰነጠቅ ማይኩን ትንሽ ወደ ጎን ማዞር ያስፈልጋል። ሁለተኛው እርምጃ ማዶ ላሉት ሁሉ ሰዓቱን መንገር ነበር።

ሦስተኛው ግን ለጊዜው አልታያቸውም። የሌሊቱ ድንጋጤ ስለ ፊልሙ የነገራቸው ትልቅ ነገር ነበር። እሱን የሰሙት በመጀመሪያው ማሳያ ነው።

ደሙ

የመጀመሪያው ደም የስኳር ሽሮፕ ነበር፦ 1 ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውኃ ተፍልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀይ የምግብ ቀለም የተጨመረበት። ሁለት ነገር አበላሸው። ቀን ላይ ንቦችና ጉንዳኖች ወረሩት፤ ቡና ባለበት አገር ንብ ሞልቷል፣ በሽሮፕ የተቀባ ሸሚዝ ለብሶ ሜዳ ላይ መተኛትም አይቻልም። በነጩ ኤልኢዲ ሥር ደግሞ ቀለሙ ሮዝ ሆነ። የምግብ ቀለም ብቻውን ብርሃን ያሳልፋል፤ ደም ግን ሲወፍር ይጠቁራል።

ሁለተኛው ቅመም እስከ መጨረሻው አገልግሏል፦

- 4 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፤ ወደ 1 ሊትር የፈላ ውኃ እየተማሰለ ይገባል፤ ቀጠን ያለ አጥሚት ሲመስል ይወርዳል።
- ሲቀዘቅዝ ቀይ የምግብ ቀለም፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ካካዎና ሁለት ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ካካዎው ብርሃኑን ያግዳል፣ ሰማያዊው ብርቱካናማነቱን ያጠፋል።
- ስታርች ሲደርቅ ይፈዝና ይቀረፈፋል፤ ስለዚህ 3 የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን ይገባበታል።
- ልብስ ላይ ለሚፈሰው ብቻ 1 ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨመራል፤ ሲታጠብ በቀላሉ ይለቃል። አፍና ዓይን አጠገብ ግን ሳሙና ያለበት አይቀርብም፤ ለአፍ ስኳር ያለው የመጀመሪያው ዓይነት በጥቂቱ ይፈላል።

ያለ ፍሪጅ ከሁለት ቀን በላይ ካደረ ይኮመጥጣል። ቆዳ ላይ ቀለሙ እንዳይቀር አስቀድሞ ቫዝሊን መቀባት ይበቃል። ለሚፈስ ደም ያልተከፈተ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ በእጅጌ ሥር በፕላስተር ተያዘ። ቱቦው ውስጥ አየር ካለ ደሙ ይንተፋተፋል፤ ከቀረጻ በፊት ጫፉ ላይ ጠብታ እስኪታይ መግፋት ግድ ነው።

ቁስሉ የተሠራው ከሶፍትና ከቆዳ ከሚስማማ የሽፋሽፍት ማጣበቂያ ነው፦ ሦስት ድርብ፣ እያንዳንዱ ሲደርቅ ሌላው፣ ከዚያ መሀሉ በወረንጦ ተቀዶ ጠርዙ በፋውንዴሽን ይመሳሰላል። በጅማ ወበቅ ላብ ሲመጣ ጠርዙ ስለሚነሳ፣ ቁስል ያለባቸው ሾቶች ሁሉ ሜካፑ ካለቀ በ40 ደቂቃ ውስጥ እንዲያልቁ ተደረገ።

ጭንብሉና ገጀራው

በመጀመሪያ ከሱቅ የተገዛ የላስቲክ ጭራቅ ፊት ሞከሩ። ካሜራው ፊት ሲቆም መጫወቻነቱ ይታወቃል፤ የተሳለ ቁጣ አለው፣ የተሳለ ቁጣ ደግሞ አንዴ ከታየ አለቀ። የቡና ጆንያው ግን ምንም አይናገርም። ሰው የራሱን ፍርሃት ይጽፍበታል። ከዚያም በላይ ጅማ ውስጥ በየቤቱ ያለ ዕቃ ስለሆነ፣ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲገባ ጓዳው ጥግ ያገኘዋል።

ጆንያ ግን አቧራ ነው፣ ይኮሰኩሳል፣ ትንፋሽ ያፍናል። ታጥቦ ደረቀ፣ ውስጡ በአቡጀዲ ተለበደ፣ ከአፍና ከአፍንጫ ፊት ያለው አቡጀዲ በክብ ተቆርጦ ወጣ። የዓይኑ ቀዳዳ ሲጠብ ያስፈራል፣ ሆኖም ተዋናዩ ገንዳ ውስጥ ሊወድቅ ነው። መፍትሔው ቀዳዳውን በሰፊው መቁረጥና ከውስጥ በኩል ጥቁር ስቶኪንግ መስፋት ሆነ፤ ከውጭ ጨለማ ብቻ ይታያል፣ ከውስጥ ግን መንገዱ ይታያል። እንዲያም ሆኖ የገንዳዎቹ አፍ ሁሉ በሳንቃ ተሸፈነ፤ አንዲት ተዋናይት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ከዞረ በኋላም ሩጫ በሙሉ ጫማው ሥር ሻካራ በሆነ ሰው ብቻ፣ ቀን በተለማመዱት መስመር ብቻ ተደረገ።

ገጀራው ሁለት ነበር። ሰው አጠገብ የሚወዛወዘው ከኮምፔንሳቶ ተቆርጦ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ በብር ቀለም የተቀባ ነው። እውነተኛው ሰው በሌለበት ሾት ብቻ ታየ፤ ዋናው ሥራውም ድምፅ ነበር። በገንዳው ጠርዝ ላይ ቀስ ብሎ ሲጎተት የተቀዳው ድምፅ ገዳዩን ሳያሳዩ ለማምጣት በቃ። ለምት ድምፅ ጥቅል ጎመን በቢላ፣ ለእርጥቡ የበሰለ ፓፓያ፣ ለአጥንት ሸንኮራ ሲሰበር ተቀዳ። ሙዚቃ አልገዙም። የመፈልፈያው ትልቁ ጎማ በእጅ ሲዞር የሚያሰማውን ሲጥታ ቀድተው ፍጥነቱን በግማሽ ቀነሱት።

ጨለማን መቅረጽ

ስልክ ሙሉ ጨለማን መቅረጽ አይችልም፤ የሚሰጠው ጥቁር ሳይሆን የሚንቀጠቀጥ ግራጫ ነው። ቡድኑ ሰፋፊዎቹን ሾቶች በሙሉ ፀሐይ ከገባች በኋላ ባሉት 20 ደቂቃዎች ቀረጻቸው። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ምሽቱ ቶሎ ይወድቃል፤ በአንድ ምሽት ከሁለት ሰፊ ሾት በላይ ማሰብ ከንቱ ነው። ቦታውና እንቅስቃሴው በ11 ሰዓት ተለምዶ ያልቃል፣ ብርሃኑ ሲመጣ መቅረጽ ብቻ።

ቅርብ ሾቶቹ ሌሊት ተቀረጹ። አንዱ ፓነል ከተዋናዩ ጀርባ፣ ከፍ ብሎ፣ በቀላል ሰማያዊ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ይቆማል፤ ሌላው ተጠፍቶ ይቀመጣል ወይም ብርሃኑ ነጭ ግድግዳ ላይ ነጥሮ እንዲመለስ ይደረጋል። ከፊት የሚመታ ብርሃን ሁሉንም ነገር የሠርግ ቪዲዮ ያደርገዋል፤ ይህን ልማድ ለመተው ቀራጮቹ ተቸግረዋል። ስልኩ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሸተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ በ1/50 ሰከንድ፣ አይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ከ800 ሳይበልጥ ተቆለፈ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩ ከመብራቱ ጋር ካልተስማማ አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለው ነጭ ሚዛንም ይቆለፋል፤ ካልተቆለፈ ስልኩ በየሾቱ መሀል ቀለሙን ይቀይራል።

ጭስ ለማምጣት እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጨሱ። ሜዳ ላይ ጥሩ ጭጋግ ሰጠ፤ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉንም አሳለና ተወ።

የመጀመሪያው ማሳያ

አርባ ያህል ሰው በተጋበዘበት ማሳያ ሁለት ዓይነት ሳቅ ተሰማ። አንደኛው ከድንጋጤ በኋላ የሚመጣው ሳቅ ነው፤ እሱ የተሳካ ሥራ ምልክት ነው። ሌላው ገዳዩ ሙሉ ቁመቱ በታየባቸው ትዕይንቶች የመጣው ነው። ገዳዩ አሥራ አንድ ጊዜ ይታይ ነበር። ቡድኑ ወደ አራት አወረደው፤ የቀረውን በእግር፣ በገጀራው ጭረትና አልጋዎቹ ላይ በሚያልፍ ጥላ ተካው። ባዶ አልጋዎችን የሚያሳይ አንድ ሾት ከ3 ሰከንድ ወደ 9 ተራዘመ፤ ምንም አይሆንበትም፣ ሰው ሁሉ ግን ጥግ ጥጉን ይፈልጋል። ፊልሙ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሾት የለም።

ትልቁ ችግር ግን ከዚህ ሌላ ነበር። ልጅቷ ስትጮህ ከተመልካቹ መሀል ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ተነሳ፦ ጎረቤት የት ሄደ? የአሜሪካ ስላሸር የሚቆመው ሰው ብቻውን መሆን ይችላል በሚል እምነት ላይ ነው፤ ጫካ ውስጥ ካምፕ አለ፣ ጎረቤቱ መጋረጃውን ይዘጋል። እኛ ዘንድ ሌሊት ኡኡ ተብሎ ሰው ካልወጣ ታሪኩ ውሸት ነው። ስልክ ያለመሥራቱን ተመልካቹ ያለ ጥያቄ ተቀብሏል፤ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ባትሪ አለቀ መባሉ በቂ ነበር። ጩኸት ሰምቶ የማይመጣ ሰፈርን ግን አልተቀበለም።

መልሱ ዝናቡ ሆነ። ቡድኑ ተመልሶ አንድ አዲስ ትዕይንት ቀረጸ፦ ከጅረቱ ማዶ ባለ ቤት ቤተሰቡ ጀበና ከብቦ ተቀምጧል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እርስ በርሳቸው እንኳ የሚነጋገሩት ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግተው ነው። ውሻው አንዴ ቀና ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወደ ጣቢያው። 12 ሰከንድ የፈጀው ይህ ትዕይንት ጥያቄውን ከመመለስ አልፎ ፊልሙን ሰዓት ሰጠው፦ ዝናቡ እስካለ ገዳዩ ነፃ ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ ግን ድምፅ ይሰማል። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ የሚያዳምጠው ቆርቆሮውን ነው። መጨረሻው ላይ ዝናቡ ቀስ በቀስ ያባራል፣ ልጅቷ ትጮኻለች፣ ከማዶ ባትሪዎች አንድ በአንድ ይበራሉ። ይህን ትዕይንት የሠሩት በመጀመሪያው ሌሊት ዱላ ይዘው የመጡት ጎረቤቶች ራሳቸው ናቸው።

በቆርቆሮ ሥር በቀጥታ የተቀዳ ዝናብ ይሰነጠቃል። ማይኩን ካልሲ አልብሶ፣ ከጎን ክፍል፣ በዝቅተኛ መጠን መቅዳት ተሻለ። ከተለያየ ርቀት የተቀዱ ሦስት ድምፆች ተደራረቡ፤ ሰው ሲናገር ሩቁ ብቻ ይቀራል። ምስል ላይ ደግሞ ዝናብ ከጀርባ ካልበራበት አይታይም፤ እውነተኛ ዶፍ እየወረደ ስክሪኑ ላይ ደረቅ ሌሊት የሚመስልባቸው ሾቶች ተጥለዋል። ስልኩ ለሌንሱ ብቻ ቀዳዳ ባለው ፌስታል ተጠቅልሎ ሠራ።

ያልተሳካው

በኋላ የተሞላው ንግግር ከከንፈር ጋር ሙሉ በሙሉ አልገጠመም። ጩኸት ላይ አይታወቅም፣ ረጋ ያለ ወሬ ላይ ግን ይታወቃል። ሌሊት መጮህ ብቻ ነበር መከልከል የነበረበት፤ ቡድኑ ንግግሩንም አብሮ ቀን ላይ ማድረጉ ሥራ አብዝቷል። የሁለተኛው ሟች ትዕይንትም እስከ መጨረሻው ደካማ ነው፤ የለበሰው ሸሚዝ አንድ ብቻ ስለነበር ደሙ ከፈሰሰ በኋላ መድገም አልተቻለም። ለሚደማ ሰው ተመሳሳይ ሦስት ልብስ ከሰልባጅ ተራ መግዛት ከማንኛውም መብራት ቀድሞ የሚመጣ ወጪ ነው። ሦስት ከጠፋ ደሙ የሚፈስበት ሾት የዕለቱ የመጨረሻ ይሁን።

ለሌላ ሥራ የሚሻገረው

ቦታ ከስክሪፕት በፊት ቢመረጥ ይሻላል። ይህ ቡድን ጣቢያውን ካየ በኋላ ጽፎ ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውንም ጅረቱንም ከመጀመሪያው ያገኛቸው ነበር። ሌላ ከተማ ያለ ሰው የራሱን ሥራ የቆመበት ቦታ ይፈልግ፦ ወቅቱ ያለፈ ወፍጮ ቤት፣ ክረምት ላይ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ ግንባታው የቆመ ፎቅ። ከዚያም ከማንኛውም የግድያ ትዕይንት በፊት በዚያ ቦታ ሰው ቢጮህ ማን እንደሚሰማ፣ ለምንስ እንደማይመጣ ይጻፍ። መልሱ የሰፈሩ ሰው ክፉ ነው የሚል ከሆነ ተመልካቹ ይቆጣል፤ መልሱ ዝናብ፣ ወፍጮ፣ ጀኔሬተር ወይም የሠርግ ቤት ሞንታርቦ ከሆነ አብሮ ይጨነቃል።

ፈቃድ በወረቀት ብቻ አይበቃም። ጩኸት የሚደርስበትን ርቀት ቀን ላይ አንድ ሰው እያስጮሁ መለካትና እስከዚያ ድረስ ባለው ቤት ሁሉ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ለጥበቃና ለሚሊሻ ደግሞ በየምሽቱ እንደገና ይነገራል፣ ምክንያቱም ተረኛው ይቀየራል። ጭንብል ያጠለቀ ተዋናይ ከቀረጻው ቦታ ውጭ ጭንብሉን አድርጎ አንድ እርምጃ አይሄድም፣ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን።

ለሙከራ ማሳያ የሚጋበዘው ሰው የሠሪዎቹ ጓደኛ ብቻ ከሆነ ጎረቤት የት ሄደ የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ አይገኝም። ከጅረቱ ማዶ ያሉት መጀመሪያ ይጠሩ፣ ሠሪዎቹም ከኋላ ሳይሆን ከፊት በጎን በኩል ተቀምጠው ስክሪኑን ትተው የተመልካቹን ፊት ይመልከቱ።